ግማሹን ያነበብሁት ደብዳቤ

ባለፈው ወር የሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ ነበርሁ። ላሊበላ ውስጥ የእድር ስብሰባ ብዙ ጊዜ ድንኳኑ ተቀደደ፣ ድስቱ ጠፋ፣ እገሌ ቀብር ቀረ በሚል ይጀመርና በዚያው ያልቃል። የዚያን ዕለት ግን ሰው አክባሪና ቁም ነገረኛ የምንለው አንድ ጎልማሳ አባል ስልኩን ይዞ ብድግ አለና፣ ይህን ሳትሰሙ ወደ ሌላ ጉዳይ አንሄድም አለ። ከዚያም ሁላችንም በስም ስለምናውቀው፣ ከታችኛው መንደር ስለሚኖር አንድ ሰው ተጻፈ ያለውን ነገር አነበበልን። ቢበዛ አራት መስመር ነው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ከኋላዬ የነበሩ ሴቶች አማተቡ፤ ሁለት ወንዶች ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፉ። የሰውየው ቤት ሩቅ አይደለም።

እኔ በስብሰባ አፌን የምከፍት ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን፣ "ከዚያስ ወዲያ ምን ይላል?" ስል ራሴን ሰማሁት። አንባቢው ስልኩን አየት አደረገና፣ ቀሪውን ለማንበብ ይጫኑ እንደሚል ነገረን። ተጭኖት እንደሆነ ጠየቅሁት። አልተጫነውም። ሲጫነው ጽሑፉ ስለ እኛ ሰው አልነበረም፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አገሩም ሥራውም ሌላ ነበር። የቆሙት ሁለቱ ቁጭ አሉ። የእድሩ ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ድንኳኑ ጉዳይ ተመለሰ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ እየጠመዘዝሁ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ የተናደድሁ መስሏት ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረገችኝ። ንዴት አልነበረም። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የኖረ ፍርሃት ነው።

የተወለድሁት ሰንበሌጥ በምትባል መንደር ነው። ከላሊበላ ማልዶ የተነሣ መንገደኛ ገነተ ማርያም ላይ አረፍ ብሎ፣ ከዚያ ዳገቱን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርስባታል። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ላሊበላ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እማራለሁ። በሁዳዴ መካከል ትምህርት ለሁለት ሳምንት ተዘጋና፣ በሶዬን በጨርቅ ቋጥሬ ወደ አገሬ ወጣሁ። የዚያ ዓመት በልግ ከልማዱ ውጪ በርትቶ ነበር። በእኛ አገር በልግ እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ቢቀርም አይወቀስም። የዚያን ጊዜው ግን መጥቶ አልሄድም ያለ እንግዳ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ ገደላገደሉን አጥቦ ወረደ። መንገዱ ላይ ጎርፍ ያንከባለለው ድንጋይ ተቆልሎ፣ በየጥጉ የተኛው ደለል ገና አልደረቀም ነበር። ቤት ስደርስ እናቴ ስልጆ አቀረበችልኝ። የሰናፍጩ ኃይል አፍንጫዬን ሰርስሮ እንባዬን ሲያወርደው ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀብኝ፤ ከተማ አለስልሶሻል አሉኝ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በቤታችን የተሳቀ ሳቅ ትዝ አይለኝም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በመንደሩ "አንባቢዋ" ይሉኝ ነበር። ከውትድርና የተላከ የልጅ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ሁሉም እኔ እስክመጣ በሳጥን ይቆያል። ሌሎችም ማንበብ የሚችሉ ነበሩ፤ ፊደል እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያነቡ ነበርና ሰው ይሰለቻቸዋል። እኔ ግን በዓይኔ ቀድሜ እሮጥና፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ምን ሊል እንደሆነ ገምቼ በራሴ ቃል እናገረዋለሁ። ያሳዝናል የሚለውን አሳዝኜ፣ ያስቆጣል የሚለውን አስቆጥቼ። "እሷ ስታነበው ነፍስ ይዘራል" ይሉኛል። እኔም አምናቸው ነበር።

በደረስሁ በሦስተኛው ቀን ማስመለስና ተቅማጥ መንደሩ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ታመሙ፤ እሳቸው ተረፉ። ቀጥሎ የአያ ደምሴ ትንሹ ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ ሞተ። አያ ደምሴ ጎረቤታችን ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ ጥቂት፣ በደቦ ሥራ ላይ ሁልጊዜ ከፊት የሚሆን ገበሬ። ልጁን ቀብሮ ሲመለስ አላለቀሰም። በሩ ላይ ተቀምጦ በዱላው መሬት እየጫረ ቀኑን ሙሉ ዋለ። አልፎ የሚሄደው ሁሉ "እግዜር ያጥናህ" ይለዋል። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ የእቴ ጥሩ ልጅ ትርንጎ ታመመች። እቴ ጥሩ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጇን ይዛ የምትኖር ሴት ናት። ትርንጎ ስድስት ዓመቷ ነበር።

መንደሩ ውስጥ አንድ ጤና ረዳት ነበር፤ ሰይድ ይባላል። ከወልድያ በታች ካለች የመንገድ ዳር ከተማ የመጣ፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። በትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ቆርቆሮ ቤት፣ ጤና ኬላ በምንላት፣ ብቻውን ይሠራል፤ ብቻውን ይኖራል። መንደራችን ውስጥ የሚኖር እስላም እሱ ብቻ ነበር። እውነት ለመናገር ሰው ይወድደው ነበር። በበዓል ቀን አርዶ እንዲበላ ዶሮ ከነነፍሱ ይወስዱለታል፤ እሱም በጾማችን ሥጋ አያበስልም፣ ሽታው ሰው እንዳያስቀይም። ስምንት ወር እንዲህ ኖረ። ፍቅር ግን ካልተፈተነ ምን ያህል እንደሚሸከም አይታወቅም።

የበልጉ ዝናብ ባባራ ማግሥት ሰይድ ወደ ምንጩ ወርዶ፣ በትናንሽ ጠርሙሶች ውኃ ሲቀዳና ክዳኑን ሲያጠብቅ ሁለት ሴቶች አይተውታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የሚፈልቀው ያ ምንጭ የመንደሩ ሁሉ መጠጥ ነው፤ ካህናቱም ለጸበል ከዚያው ይቀዳሉ። ሰይድ ምን እንደሚሠራ ለማንም አልተናገረም። ለምን እንዳልተናገረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ውጤቱን ሳያውቅ ሰው ማስደንገጥ አልፈለገም ይሆናል። ሴቶቹም ያን ዕለት ነገሬ አላሉትም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ጸሐፊ ከወረዳ የመጣ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ሊቀመንበሩ ለሐዘን ኮን ወደምትባለው ከተማ ሄዶ ነበር። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከወይራው ሥር ተሰብስቧል። ጸሐፊው ወረቀቱን አንድ ሁለት ጊዜ አገላብጦ ለእኔ ሰጠኝ፤ "አንባቢዋ እያለች እኔ ምን እደክማለሁ" አለ። ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ሁሉም ወደ እኔ አንጋጠጠ።

ደብዳቤው እንዲህ ይል ነበር፤ ዛሬም በቃሌ ይዤዋለሁ። "የቀበሌያችሁ ምንጭ ውኃ በጤና ረዳቱ በአቶ ሰይድ በኩል ተወስዶ በተደረገው ምርመራ ተበክሎ ተገኝቷል።" እኔ በልማዴ ዓይኔን አስቀድሜ ሰደድሁት። ምንጭ፣ ሰይድ፣ ተበክሎ። እነዚህ ሦስቱ ቃላት ከወረቀቱ ላይ ብድግ ብለው ታዩኝ፤ በመካከላቸው ያለው ሁሉ ጠፋብኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "የምንጫችን ውኃ በጤና ረዳቱ በሰይድ በኩል ተበክሎ ተገኝቷል" አልሁ።

አንድ ሰው፣ ተበክሎ ማለት ምን ማለት ነው ሲል ጠየቀ።

"መርዝ ገብቶበታል ማለት ነው" አልሁ።

አያ ደምሴ ከኋላ ቆሞ ነበር። ሰዎች ሳይጠይቃቸው መንገድ ለቀቁለት። ወደ ድንጋዩ ቀርቦ ቀና ብሎ አየኝና፣ "በማን በኩል ነው ያልሽው?" አለ፤ ቀስ ብሎ። ስሙን ደገምሁለት። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ፣ ጠርሙስ ይዞ ምንጩ ውስጥ እጁን ሲከት በዓይኗ እንዳየችው ተናገረች። ሌላዋም አዎን አለች። ወዲያው ቁልቁለቱን ወደ ጤና ኬላው ወረዱት።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ሳልሸሽግ ልናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ደስ አለኝ። በአንድ ቃሌ ያ ሁሉ ሰው ተነሣ፤ እኔም እውነቱን የገለጥሁ ጀግና መሰልሁ። ደስታው ዶሮ ውኃ እስክትጠጣ ያህል እንኳ አልቆየም፤ ግን ነበረ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ድንጋይ ለማንሣት ሲያጎነብሱ አየሁ። ወረቀቱን እንደያዝሁ ተከትያቸው ሮጥሁ።

ጤና ኬላው ጋ ስደርስ ሰይድን ከበር ጎትተው አውጥተውታል። እጁ እርጥብ ነበር፤ ማንኪያ ይዟል። እቴ ጥሩ ከማለዳ ጀምሮ ልጇን ይዛ እሱ ዘንድ ነበረችና፣ ለትርንጎ የተቅማጥ መድኃኒት ዱቄት እየበጠበጠ ሳለ ነው የደረሱበት። ስለዚህ እቴ ጥሩ ንባቤን አልሰማችም። አንዱ በድንጋይ ቅንድቡን መትቶት ደሙ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። "ወላሂ ምን አጠፋሁ? ምን አጠፋሁ?" ይላል ደጋግሞ፤ የሚመልስለት ግን አልነበረም። እጁን የኋሊት በቆዳ ጠፍር አሠሩት። አያ ደምሴ፣ ወደ ምንጩ ወስደን የመረዘውን እናጠጣዋለን፤ እስኪበቃው እናጠጣዋለን አለ። አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ ማጠጣት ምን ያደርጋል ሲል ሰማሁት። የኋለኛው ከፊተኛው የባሰ ነበር።

ይህን ጊዜ እቴ ጥሩ በሩ ላይ ወጣች። ልጇ እጇ ላይ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥላለች። ሰውየውን አየች፣ ጠፍሩን አየች፣ ከዚያ ምን ሆናችሁ አለች። ደብዳቤ መጣ፣ ውኃውን የመረዘው እሱ ነው፣ የሺ አነበበችልን አሏት። እቴ ጥሩ ወደ እኔ ዞረች።

"ወረቀቱን አምጪው።"

ሰጠኋት። ፊደል አታውቅም። ልጇን በአንድ ክንዷ ደግፋ ወረቀቱን ገልብጣ ያዘችው፤ ማቅናት አልደፈርሁም። ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና የት ድረስ እንዳነበብሁ ጠየቀችኝ። ወረቀቱን አቅንቼ ጣቴን ሦስተኛው መስመር ላይ አሳረፍሁ።

"ከዚህ በታች ያለውስ ታዲያ ምንድን ነው?" አለች። "ጉንዳን ነው?"

ወረቀቱ እስከ ግርጌው ድረስ ተጽፎበታል። ማንበብ የማትችል ሴት ያየችውን እኔ አላየሁትም።

አያ ደምሴ ዞር በይ አላት፤ ልጅሽ እየሞተች አንቺ ከገዳይዋ ጋር ትቆሚያለሽ ወይ አላት። እቴ ጥሩ ድምጿን አላነሣችም። "ያንተ ልጅ ሞቷል፤ እግዜር ያጥናህ። የኔዋ ገና አልሞተችም" አለችው። "ዱቄቱን የሚበጠብጥላትን ሰው እጁን አሥራችሁታል። ከፈለጋችሁ እግሩን እሠሩት፤ እጁን ግን ፍቱልኝ።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ነው የኔታ የደረሱት። የኔታ የምንላቸው የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ትርጓሜ መጻሕፍት የተማሩና የሚያስተምሩ፣ ከእርጅና ብዛት በመቋሚያ የሚሄዱ። ቁልቁለቱን ከሁሉም በኋላ ወርደው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ በሕዝቡ መካከል አለፉ። አልተቆጡም፣ አልገዘቱም። ሰይድ ከቆመበት አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የኔታ አፈር ላይ ተቀምጠው ቆሞ መቅረት ነውር ነውና ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተቀመጡ፤ ሌላውም ተከተለ። በመጨረሻ የቆምነው እኔ፣ አያ ደምሴ፣ እቴ ጥሩና የታሠረው ሰውዬ ብቻ ነበርን።

የኔታ በመጀመሪያ ያዘዙት እቴ ጥሩ የለመነችው እንዲደረግ ነው። የሰይድን እጅ ፈትተው እግሩን አሠሩት። እሱም ደሙን በክንዱ ጠርጎ፣ እግሩ እንደታሠረ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ፣ ለትርንጎ በማንኪያ እየቀዳ ያጠጣት ጀመር። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ይህን ሳይ ማልቀስ ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም።

"አሁን አንብቢ" አሉኝ የኔታ። "ንባቡን አስቀድሚ፤ ትርጓሜው በኋላ ይደርሳል። ቃል አትዝለይ።"

ከላይ ጀመርሁ። ቁጥሩን፣ ለማን እንደተጻፈ፣ ጉዳዩን። እያንዳንዱን ቃል ስጠራ ድንጋይ የማነሣ ያህል ይከብደኝ ነበር። "በአቶ ሰይድ በኩል ተወስዶ" ስል አስቆሙኝ።

"ምን ተወስዶ?"

"ውኃው፣ የኔታ።"

"እሺ። ተወስዶ ምን ሆነ?"

"ተወስዶ በተደረገው ምርመራ ... ተበክሎ ተገኝቷል።"

"በክሎታል ይላል?"

"አይልም። ተበክሎ ነው የሚለው።"

"እንግዲያስ በካዩ ማን እንደሆነ አልተጻፈም" አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መልሰው። "አንድም ሰው ይሆናል፤ አንድም ከብት ይሆናል፤ አንድም ጎርፍ ይሆናል። ወረቀቱ ሳይመርጥ እኛ አንመርጥም። ቀጥይ ልጄ።"

ከዚያ ወዲህ አማርኛ ሳስተምር ኖሬአለሁና ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ቋንቋችን ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን፣ የት፣ በምን፣ ለምን ሁሉ ተደርድሮ የሆነው ነገር የሚታወቀው በመጨረሻው ቃል ነው። አባቶቻችን እንዲህ ያደረጉት ሰሚው እንዲታገሥ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። እኔ ግን መካከሉን ዘልዬ ስሙንና ግሡን ገጣጠምሁ።

ቀጥዬ አነበብሁ። ብክለቱ ከእንስሳት በድን ወይም ከዓይነ ምድር የመጣ ሊሆን ስለሚችል ከምንጩ በላይ ያለው ሸለቆ እንዲታይ ይላል። ሕዝቡ ውኃውን አፍልቶ እንዲጠጣ ይላል። ከዚያም ከግርጌው ላይ፣ ጤና ረዳቱ ሁለት ጊዜ በእግሩ ወረዳ ድረስ መጥቶ ስለ ጠየቀ መድኃኒት ተሰጥቶታልና ቀበሌው በሥራው እንዲተባበረው ይላል። እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበብሁ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ አላበቃም። አያ ደምሴ ገና ቆሞ ነበር። ዱላው እጁ ላይ ነው። ወደ የኔታም ወደ ሰይድም አላየም፤ ወደ እኔ ነው ያየው።

"ቅድም ስታነቢው ይህ ሁሉ አልነበረም" አለ። "አሁን ከየት መጣ?"

አባቴ ከተቀመጡት መካከል ነበር፤ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። በጸሐፊው ማመካኘት ይቻል ነበር፤ ጽሑፉ አይነበብም፣ ቸኩዬ ነው፣ ሰው ይጮህ ነበር ማለት ይቻል ነበር። እነዚህ ሁሉ በልቤ ተመላለሱ።

"ነበረ" አልሁት። "አላነበብሁትም።"

"ለምን?"

"የሚለውን ያወቅሁ መሰለኝ።"

"መርዝ ያልሽውስ?"

"የለም። ከራሴ ነው የጨመርሁት።"

አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረበ። ሊመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ቢመታኝም እወድ ነበር። አልመታኝም። ዓይኔን ስገልጥ ዱላውን በሁለት እጁ ተደግፎ ጎንበስ ብሏል፤ ትከሻው ይርገበገባል። ልጁ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰውን ነው ያለቀሰው። እየቆየ የገባኝ ነገር አለ። ለዚያ ሰው መርዝ የሚለው ቃል መድኃኒት ሆኖት ነበር። ልጅህን የገደለው ይህ ሰው ነው ሲባል ሐዘኑ የሚሄድበት አገኘ። እኔ ቃሉን ስመልሰው ሐዘኑ ወደ ራሱ ተመለሰበት።

የኔታ ሦስት ሰዎች ሸለቆውን አይተው እንዲመጡ፣ እስኪመጡም ማንም ካለበት እንዳይነሣ አዘዙ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ተቀምጠን ጠበቅን። ጠመንጃ የያዘው ሰው ጠመንጃውን ከጉልበቱ ወደ መሬት አወረደ። የሚሰማው የማንኪያው ድምፅና የትርንጎ ማቃሰት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አስመለሳት፤ ሰይድ ጥቂት ጠበቀና እንደገና ጀመረ። እኔ አልተቀመጥሁም፤ ተቀመጪ ያለኝም አልነበረም።

ሰዎቹ ሲመለሱ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር። ከምንጩ በላይ ባለው ሸለቆ የሞተ ከብት መጣል የቆየ ልማዳችን ነው፤ አሞራና ጅብ ያነሡልናል ብለን። ጎርፉ የአንድ በቅሎና የሌላም እንስሳ በድን እያንከባለለ አምጥቶ፣ ከምንጩ ራስ ላይ ከደለል ጋር ወትፎታል። በቅሎዋ የማን እንደሆነች የጠየቀ አልነበረም። እዚያ ያልጣለ ቤት አልነበረም።

የሰይድን እግር የፈታው አያ ደምሴ ነው። ጠፍሩ ጠብቆ ስለነበር በጥርሱ ነው የፈታው። ትርንጎ በማግሥቱ ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች፤ የፈላ ውኃ ሰጧት። ሌላ ሰው በዚያ በሽታ አልሞተም።

ሰኞ አያ ደምሴና ሌሎች ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ማክሰኞ እኔ ብቻዬን ሄድሁ። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ ደጁ ላይ ቆምሁ። ሰይድ ቅንድቡ ላይ ፋሻ አሥሮ ጠርሙስ ያጥብ ነበር። ድንጋዩን እንዳወርደው ነገረኝ፤ አወረድሁት። ከዚያ ጠርሙሱን እያለቀለቀ፣ "ያሳሠረኝም ያንቺ ንባብ ነው፤ ያስፈታኝም ያንቺ ንባብ ነው። የትኛውን ልያዝልሽ?" አለኝ። መልሴን አልጠበቀም። ገብቶ የዱቄቱን ከረጢት አመጣና፣ ሄጄ ጀርባው ላይ ያለውን ለእቴ ጥሩ እንዳነብላት፣ ቤቷ ውስጥ እንዴት እንደምትበጠብጠው እንዳስረዳት ነገረኝ። ሄጄ አነበብሁላት። የተሠራበትን ቀን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ከፀሐይ ይራቅ የሚለውን ሳይቀር አንብቤ ጨረስሁ። እቴ ጥሩ አላቋረጠችኝም።

ከፋሲካ በኋላ ሰይድ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ሕዝቡ እስከ ገነተ ማርያም ሸኘው፤ ሴቶቹ ስንቅ ቋጠሩለት። ይቅር ይበለን አይበለን አላውቅም። ፈገግ ብሎ ነው የተሰናበተን፤ ፈገግታ ደግሞ ለማንበብ አስቸጋሪ ነው።

እኔ መምህርት ሆንሁ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳልነግር ያለፈ ዓመት የለም። ስነግራቸው ግን ሁልጊዜ "አንዲት ቸኩላ ያነበበች ልጅ ነበረች" እል ነበር። ስሟን ሲጠይቁኝ ረሳሁት እላለሁ።

ትርንጎ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ላሊበላ ነው የምትኖረው። እቴ ጥሩ አርፋለች። ትርንጎ ትምህርቷን በአራተኛ ክፍል ስላቆመች፣ ከመሥሪያ ቤት ወረቀት ሲመጣላት ይዛ ትመጣለች፤ ቤቷ አጠገብ ሁለት የተማሩ ጎረቤቶች እያሏት ዳገቱን ወጥታ እኔ ዘንድ ነው የምትመጣው። ከእድሩ ስብሰባ በኋላ በነበረው እሑድም የይዞታ ወረቀት ይዛ መጣች። አንብቤ ስጨርስ መነጽሬን አወለቅሁና ሁሉንም ነገርኋት። የሰይድን፣ የጠፍሩን፣ ያንን ቃል የጨመርሁት እኔ መሆኔን።

ትርንጎ ወረቀቷን እያጠፈች ሰማችኝ። ከዚያ፣ "አውቃለሁ እትዬ የሺ" አለች። "እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ነግራኛለች።"

ይህን እያወቀች ለምን ሌላ አንባቢ እንዳልፈለገች ጠየቅኋት። ወረቀቱን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

"እርስዎ ሲያነቡ ይፈራሉ" አለችኝ። "የማይፈራ አንባቢ እኔ አልወድም።"